ሳራባንድ፦ ከአንድ ቤት የተገኘ ድንክ ብርቱካንማ ቀይ ጽጌረዳ

የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

ሳራባንድ የፈረንሳዩ የሜይላንድ ቤት አዳቅሎ በ1957 ያወጣው የፍሎሪቡንዳ ጽጌረዳ ነው፤ ማለትም አበባው በዘለላ የሚመጣ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁመቱ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ ላይ ከመመዘዝ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል። አንዱ አበባ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የአበባ ቅጠሎቹ 13 አካባቢ ብቻ በመሆናቸው ሲፈካ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ የወንዴ አካልም ወለል ብሎ ይታያል። ቀለሙ ብሩህ ብርቱካንማ ቀይ ነው። በወጣበት ዓመት በፓሪሱ የባጋቴል ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ በ1960 ደግሞ የኦል አሜሪካ ሮዝ ሴሌክሽንስን ሽልማት ወሰደ።

እዚህ የምንመዘግበው ግን የዘር ሐረጉን ነው። በሀገራችን ልማድ ሰው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሳራባንድ እናትና አባት ግን ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የወጡ ናቸው። ያም ብቻ አይደለም፦ ከአያቶቹ አንዱ የሌላኛው ወላጅ ነው። ጽጌረዳ ማዳቀል ለሚጀምር ሰው የቅርብ ዘመድን ማዳቀል ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሳ በአንድ ዝርያ ላይ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

መነሻው

ብርቱካንማ ቀይ በጽጌረዳ ላይ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ቢጫ ቀለም ላይ ቀይ ሲደረብ ነው። ይህ እምቡጡ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ቢጫው ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ስለሚጠፋ አበባው በሦስተኛው ቀን ሮዝማ ይሆናል። ሁለተኛው ፔላርጎኒዲን የሚባለው ቀለም ነው። የተለመደው ቀይ ጽጌረዳ ቀለሙን የሚያገኘው ከሲያኒዲን ሲሆን፣ ሲያኒዲን አበባው ሲያረጅ ወደ ሐምራዊነት ያደላል። የአበባው ሴል ሲያኒዲንን የሚሠራበት አንድ የኬሚካል ደረጃ ሲዳከም በምትኩ ፔላርጎኒዲን ይከማቻል፤ ብርቱካንማው ቀይ የሚገኘው ያኔ ነው።

ይህ ቀለም ጎልቶ የታየው ፖሊያንታ በሚባሉት ድንክ ጽጌረዳዎች ላይ ነው፦ በግሎሪያ ሙንዲ በ1929፣ በፖል ክራምፔል በ1930። ሁለቱም በማዳቀል የተገኙ ሳይሆኑ ከነባር ተክል ላይ በድንገት የተለወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። እንዲህ ያለ ለውጥ አያስተማምንም፦ ከዚያው ቁጥቋጦ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ ቀድሞው ቀለም ተመልሶ ይወጣል፤ ካልተቆረጠም ተክሉን ይውጠዋል።

በጀርመን የኮርደስ ቤት በ1937 ኦሬንጅ ትራይምፍን አወጣ። የዚህ ጉዳይ ምሰሶ እሱ ነው። እናቱ ኤቫ፣ አባቱ ሶላሪየም ነው። ሶላሪየም ከቪኩራና ወገን የሆነ፣ እንደ ሐረግ የሚሳብ ጽጌረዳ ሲሆን ኤቫ የሮቢን ሁድና የጄ. ሲ. ቶርንተን ልጅ ናት። ሮቢን ሁድ በወላጁ በሚስ ኢዲት ካቬል በኩል የፖሊያንታ ደም አለበት፤ ጄ. ሲ. ቶርንተን ደግሞ ትልልቅ አበባ ያለው ቀይ ሃይብሪድ ቲ ነው። ዘለላው፣ ድንክነቱና ቀዩ ከየት ከየት እንደተሰባሰቡ ከዚህ ይነበባል።

በነገራችን ላይ ቪኩራናም ሆነ የፖሊያንታዎቹ ቅድመ አያት ሙልቲፍሎራ ሴቴ ዘንጎቻቸው ተጣብቀው እንደ አንድ ምሰሶ የሚወጡ የዱር ጽጌረዳዎች ናቸው። ነጭ አበባ ያለው የእኛው ቀጋም ከዚሁ ወገን ነው። አበባን በብዛት በዘለላ መስጠት የዚህ ወገን ሀብት ነው።

ችግሩ

ለአትክልት መደብ የሚፈለገው ተክል አራት ነገር በአንድ ላይ ይጠየቃል፦ ብርቱካንማ ቀይ ቀለም፣ አጭር ቁመት፣ ዘለላ አበባ፣ ዓመቱን ደጋግሞ ማበብ። እያንዳንዱ ለብቻው ይገኝ ነበር። አንድ ላይ ማምጣት ያስቸገረው ቀለሙም ሆነ ደጋግሞ ማበቡ ተደባቂ ጠባይ ስለሆነ ነው። ተደባቂ ጠባይ የሚታየው ተክሉ ተቃራኒውን ዘር ጨርሶ ሳይዝ ሲቀር ነው። ብርቱካንማውን ከጥቁር ቀይ ጋር ስታዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ በአብዛኛው ቀይ ይሆናል፤ ብርቱካንማው ውስጥ ውስጡን ይቀመጣል።

የጽጌረዳ ክሮሞሶም ቁጥር ነገሩን ያባብሰዋል። አብዛኞቹ የአትክልት ጽጌረዳዎች ሰባት ሰባት ክሮሞሶም ያለው አራት ስብስብ፣ በጠቅላላው 28 ክሮሞሶም አላቸው። በሁለት ስብስብ ተክል አንድ ተደባቂ ጠባይ ከአራት ልጆች በአንዱ ብቅ ይላል። በአራት ስብስብ ተክል ግን ሁለቱም ወላጆች ሁለት የተደባቂውንና ሁለት የተቃራኒውን ቅጂ ቢይዙ ጠባዩ የሚታየው ከ36 ልጆች በአንዱ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጠባዮች አንድ ላይ ከተፈለጉ ከ1,296 በአንዱ። ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 95 ከመቶ እንዲሆን 3,900 ገደማ ችግኝ ማሳደግ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የተሄደበት መንገድ

የሜይላንድ ቤት መንገድ በሦስት ድቅል ይነበባል። እንደ ልማዱ መጀመሪያ የተጻፈው እናት ነው።

አላን (1948)፦ (ጊኔ × ቪልሄልም) × ኦሬንጅ ትራይምፍ። ጊኔ በ1938 በፈረንሳይ የወጣ፣ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቀይና በመዓዛው የታወቀ፣ ግድግዳ የሚወጣ ጽጌረዳ ነው። ቪልሄልም የኮርደስ ቤት ነው፤ ወላጆቹም ሮቢን ሁድና ጄ. ሲ. ቶርንተን ናቸው። ልብ በሉ፦ የኤቫ ወላጆችም እነዚሁ ነበሩ። ስለዚህ አላን በእናቱ በኩል የኤቫን ወንድም፣ በአባቱ በኩል ራሷን ኤቫን ይዞ መጣ።

ኮኮሪኮ (1951) እና ሙላን ሩዥ (1952)፦ ሁለቱም አላን × ኦሬንጅ ትራይምፍ። ይህ ልጁን ወደ ወላጁ መመለስ ነው። ኮኮሪኮ አምስት ስድስት የአበባ ቅጠል ያለው ነጠላ አበባ ሲሆን ሙላን ሩዥ ድርብ ነው።

ሳራባንድ (1957)፦ ኮኮሪኮ × ሙላን ሩዥ። ወንድምን ከእህት ጋር ማዳቀል።

ድርሻውን በየደረጃው በግማሽ እያካፈልን ስንቆጥር፣ ከአላን ግማሹ ኦሬንጅ ትራይምፍ ነው፤ ከኮኮሪኮም ከሙላን ሩዥም ሦስት አራተኛው። እንግዲህ የሳራባንድም ሦስት አራተኛው ኦሬንጅ ትራይምፍ ነው። ቀሪው ሩብ ለጊኔና ለቪልሄልም አንድ ስምንተኛ አንድ ስምንተኛ ይደርሳቸዋል። ወደ ኋላ አንድ ቤት ስንሄድ ሮቢን ሁድና ጄ. ሲ. ቶርንተን ሁለቱ ብቻ፣ በኤቫ በኩል ሦስት ስምንተኛ በቪልሄልም በኩል አንድ ስምንተኛ፣ በድምሩ የሳራባንድን ግማሽ ይይዛሉ።

የዝምድናውን ጥልቀት በተለመደው የሁለት ስብስብ ስሌት ብንመዝነው 0.40 ገደማ ይወጣል። ባዕድ ከሆኑ ሁለት ወላጆች የተወለዱ ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ቁጥሩ 0.25 ነው፤ አንድ ተክል በራሱ ሲዳቀል 0.50። ሳራባንድ ራስን በራስ ወደማዳቀሉ ተጠግቷል። በአራት ስብስብ ተክል ላይ ውጤቱ ከዚህ ዝቅ ይላል።

ልጅን ወደ ወላጅ መመለስ ምን ያተርፋል? ከላይ ያየነውን ስሌት እንመልከት። ሁለቱም ወላጆች ሁለት ሁለት ቅጂ ቢይዙ ዕድሉ ከ36 አንድ ነበር። አንደኛው ወላጅ ተደባቂውን በአራቱም ቅጂ የያዘ ከሆነ ግን ዕድሉ ከ6 አንድ ይሆናል። ሁለት ጠባይ አንድ ላይ ቢፈለግ ከ36 አንድ፤ 3,900 ችግኝ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ወደ 106 ይወርዳል። ሰፊ የመስታወት ቤት ለሌለው አዳቃይ ይህ የሚቻልንና የማይቻልን ሥራ የሚለይ ልዩነት ነው።

በእጅ ሲሠራ

እንዲህ ያለ ድቅል እንደማንኛውም የጽጌረዳ ድቅል ይሠራል፤ አንድ ከባድ ልዩነት ግን አለው። ባዕድና ባዕድ ሲዳቀሉ እናቲቱ በስህተት በራሷ የወንዴ ዱቄት ብትፀንስ ልጆቹ ከሌሎቹ ተለይተው ይታወቃሉ። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ ግን በራስ የተፀነሰውና የተዳቀለው አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ በዓይን የሚለያቸው የለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከፊት መቅደም አለበት።

እምቡጡ የውጭ ቅጠሎቹ ገና ሊላቀቁ ሲሉ በጠዋት ይከፈታል። ለሌላ ድቅል አንድ ቀን ዘግይቶ መክፈት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ እዚህ ግን አይሆንም። ኮኮሪኮን የመሰለ ነጠላ አበባ ፈጥኖ ስለሚፈካ የወንዴ ከረጢቶቹ እምቡጡ ውስጥ እያሉ ሊፈነዱ ይችላሉ። የአበባ ቅጠሎቹ በሙሉ ይነቀላሉ፤ በሥራቸው ቁራጭ ከቀረ ሻጋታ ይጀምርበታል። የወንዴ ከረጢቶቹ በወረንጦ አንድ ሳይቀር ይለቀማሉ፤ አንዱ እንኳ ተሰንጥቆ ቢጫ ዱቄት ካሳየ ያ አበባ ይጣላል። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል።

ከአባትየው የተለቀሙት ከረጢቶች ደረቅ ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ ተዘርግተው ያድራሉ፤ በማግስቱ ፈንድተው ዱቄታቸውን ይሰጣሉ። በትንሽ ብልቃጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለጥቂት ሳምንታት ያገለግላል። የእናቲቱ ሴቴ ዘንጎች ጫፋቸው ሲያብለጨልጭና ሲያጣብቅ ዱቄቱ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባል፤ በሚቀጥለው ቀን ይደገማል። መለያው ላይ እናት፣ አባትና ቀን ይጻፋል። እርሳስ ይሻላል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፍሬው ሳይበስል በፀሐይ ይጠፋል።

ከእያንዳንዱ ድቅል ጋር አምስት ያህል አበቦች ተለቅመውና ተሸፍነው ዱቄት ሳይቀቡ ይተዋሉ። እነዚያ ፍሬ ከያዙ አለቃቀሙ ዘግይቷል፣ ወይም ንብ ገብታለች ማለት ነው፤ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ አይታመንም።

ያልፀነሰ ፍሬ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የፀነሰው ከ100 እስከ 120 ቀን ቆይቶ ወደ ብርቱካንማ ሲለወጥ ይቆረጣል። ዘሩ ከፍሬው ሥጋ ጸድቶ፣ አንድ ቀን በውሃ ተዘፍዝፎ፣ እርጥብ ፐርላይት ወይም የወጥ ቤት ወረቀት ውስጥ በተዘጋ ፌስታል ይታሸጋል። ከዚያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይቆያል። በአውሮፓ ይህን ክረምቱ ይሠራዋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ፍሪጅ ግድ ነው። በየሳምንቱ ሻጋታ አለመኖሩ ይታያል። ከዚያም 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተዘርቶ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቀመጣል። ከዘሩ ብዙው ላይበቅል ይችላል፤ የቀረው አንዳንዱ በሁለተኛው ዓመት ብቅ ይላል።

ደጋግሞ የሚያብብ ችግኝ በበቀለ በ5 እስከ 8 ሳምንት የመጀመሪያ አበባውን ያሳያል። ቀለሙ በዚያ አበባ ላይ ይታመናል፤ የአበባ ቅጠሉ ቁጥር ግን አይታመንም፣ ተክሉ ሲጠነክር ይጨምራልና። ቁመቱንም በችግኝነቱ መፍረድ አይቻልም። የተመረጠው ችግኝ ከእምቡጥ ዓይኑ ተወስዶ በሦስትና በአራት ስር ሰጪ ግንዶች ላይ ተጣብቆ ሁለት ሦስት ዓመት ይታያል።

የተሳካው

ቀለሙ ጸና። ሳራባንድ እንደ ግሎሪያ ሙንዲ ያለ የቅርንጫፍ ለውጥ ስላልሆነ ብርቱካንማው በተክሉ ሁለንተና ውስጥ አለ።

ድንክነቱም ተገኘ። አያቶቹን ስታስቡ ይህ ያስደንቃል፦ ጊኔ ግድግዳ የሚወጣ፣ ሶላሪየም የሚሳብ፣ ቪልሄልም ረጅም ቁጥቋጦ ናቸው። ምክንያቱን በ2012 የወጣ የጂን ጥናት በከፊል ያስረዳል። ጽጌረዳን በዓመት አንዴ ብቻ እንዲያብብ የሚያደርገው ጂን ሲሰናከል እያንዳንዱ ቀንበጥ ርዝመት ሳያበዛ በአበባ ይዘጋል፤ ደጋግሞ ማበብና ማጠር አብረው ይመጣሉ። ጂኑ መልሶ ሲሠራ ደግሞ ከድንክ ዝርያ ላይ ግድግዳ የሚወጣ ዓይነት ይበቅላል፤ ከሳራባንድም እንዲህ ያለ ዓይነት ተገኝቷል። ደጋግሞ የሚያብበውን መምረጥ አጭሩን ከመምረጥ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

የአበባ ቅጠሉ ማነስም በመደብ ላይ ጥቅም ሆኗል። ዝናብ ሲመታው ውሃ አይቋጥርም፤ በዝናባማ ሰሞን ድርብርብ አበቦች ሳይፈኩ ሲበሰብሱ እሱ ይፈካል።

ያልተሳካው

መዓዛ የለውም ማለት ይቻላል። በሐረጉ ውስጥ በመዓዛው የታወቀው ጊኔ ነበር፤ የደረሰው ድርሻ ግን አንድ ስምንተኛ ነው። መዓዛ ደግሞ በብዙ ጂኖች የሚሠራ ጠባይ ስለሆነ በእያንዳንዱ መመለስ ሲቀጥን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነው። በእኛ ግምት የዚህ ድቅል ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፤ ጽጌረዳን አሽትቶ ምንም አለማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ለመቆረጥም አይሆንም። እምቡጡ ቶሎ ይፈካል፤ ዘንጉም አጭር ነው። ከጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ነጻ አይደለም፤ ቅጠሉ ከታች መርገፍ ሲጀምር ድንክ ተክል የሚደብቅበት የለውም። የታመመውን ቅጠል ከመሬት መልቀም፣ ውሃን ከላይ ሳይሆን ከሥር ማጠጣት፣ በተክሎች መካከል ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር መተው ይጠቅማል።

ያው ወላጅ በሌላ መንገድ

የሳራባንድ አባት ሙላን ሩዥ ለሌሎች ድቅሎችም አገልግሏል፤ ማነጻጸሪያውም ከዚያ ይገኛል። የሜይላንድ ቤት ራሱ ሙላን ሩዥን ከአሜሪካዊው ኮራል ቀለም ፋሽን ጋር አዳቅሎ በ1958 ፋየር ኪንግን አወጣ። ሳራባንድና ፋየር ኪንግ በአንድ ዓመት፣ በ1960፣ ያንኑ የአሜሪካ ሽልማት ተቀበሉ። ፋየር ኪንግ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ረዘም ያለ፣ አበባው ድርብርብ ነው፤ ቀለሙን ይዟል፣ ድንክነቱን ግን ለቋል። ያን ድንክነት መልሶ ያመጣው በ1965 የወጣው ስታሪና ነው፦ (ዳኒ ሮባን × ፋየር ኪንግ) × ፔርላ ዴ ሞንሴራት። የመጨረሻው ወላጅ የስፔን ድንክዬ ጽጌረዳ ነው።

በሰሜን አየርላንድ የማክግሬዲ ቤት ደግሞ ሙላን ሩዥን ከኮርደሱ ኮሮና ጋር አዳቅሎ በ1962 ኤቭሊን ፋይሰንን አገኘ። ኤቭሊን ፋይሰን ከዲያማንት ጋር ተዳቅላ በ1970 ሳችሞን ሰጠች፤ ዲያማንትም የኮሮና ልጅ ነው። ቤቱ ወደ ኒውዚላንድ ከተዛወረ በኋላ ከሳችሞ በ1977 ትራምፔተር ወጣ፤ ዛሬም በአትክልት ስፍራ የሚተከል፣ ድርብ አበባ ያለው ድንክ ብርቱካንማ ቀይ። እዚህም አንድ ወላጅ፣ ኮሮና፣ በሁለት በኩል ገብቷል፤ ነገር ግን በመካከሉ የውጭ ደም አለ።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ልጅን ወደ ወላጅ መመለስ የሚያዋጣው የሚፈለጉት ጠባዮች ጥቂትና ተደባቂ ሲሆኑ፣ የሚመለሱበትም ወላጅ እነዚያን አሟልቶ ሲይዝ ነው። ብዙ ጂን የሚሠራቸው መዓዛና በሽታ መቋቋም በዚህ መንገድ አይመጡም፤ እንዲያውም ይሸሻሉ። እነሱን የሚፈልግ ሰው መዓዛ ያለውን ወላጅ ለአንድ ስምንተኛ ሳይሆን ለግማሽ ወይም ለሩብ ድርሻ ያስገባ፤ የችግኙንም ቁጥር በዚያው ልክ ያብዛ።

የመዳከም ምልክት በጊዜ መታየት አለበት። በሁለት ተከታታይ የቅርብ ድቅል የሚበቅለው ዘር ቁጥር ካሽቆለቆለ፣ ችግኞቹ ቀጫጭንና ቅጠለ ቢጫ ከሆኑ፣ ወይም የአባትየው ከረጢት ሲፈነዳ ዱቄቱ ካነሰ፣ ሌላ ዙር መጨመር ትርፍ የለውም።

ከአንድ ድቅል የተገኙ ወንድማማቾችን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማቆየት ያስፈልጋል። ከላይ ያየናቸው የፋየር ኪንግና የትራምፔተር መስመሮች የተነሡት ከኮኮሪኮ ወንድም ከሙላን ሩዥ ነው። ለሽያጭ የማይመጥን የሚመስል ወንድም ጥሩ ዱቄትና ጥሩ ፍሬ ከሰጠ ሁለት ሦስት ግንድ ላይ ተጣብቆ ይቀመጥ።

ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ የሚመረጠው ባዕድ ቀለሙን አስቀድሞ የያዘ ቢሆን ይሻላል። ኮሮና ራሱ ብርቱካንማ ቀይ ስለነበር የኤቭሊን ፋይሰን መስመር ቀለሙን ከሥር መፈለግ አላስፈለገውም፤ የቀረው ጉልበት ለቅርጽና ለቅጠል ጤንነት ዋለ። ባዕዱ ጥቁር ቀይ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ከ36 አንድ ወደሚለው ስሌት መግባት ነበር።